መኪናው ይችላል

ስለ መኪና የሚጽፍ ሰው አላምንም። ሼክ ይሁን፣ ቄስ ይሁን፣ ብዕር አንስቶ ስለ መኪና ከጻፈ ወላሂ አላምነውም። መጽሔት ሲሰጡኝ መጀመሪያ የማየው የኋላ ሽፋኑን ነው። እዚያ የማን ማስታወቂያ እንዳለ ካየሁ፣ ውስጡ የትኛው መኪና እንደተመሰገነ ሳልገልጥ እነግርሃለሁ። ጋዜጠኛም ሰው ነው፤ የበላበትን ወጪት አይሰብርም።

ታጁዲን እባላለሁ፤ መካኒክ ነኝ። አባቴ ድሬዳዋ ምድር ባቡር ውስጥ ብረት ሠራተኛ ስለነበር እኔም እዚያው ፈረንሳይኛ ተምሬአለሁ። ፈረንሳይኛዬ ለሰላምታ አይበቃም፤ ስለ ካርቡራተር ከሆነ ግን የሚረታኝ የለም። አሰበ ተፈሪ መጥቼ ጋራዥ ከከፈትኩ በኋላ ሚኤሶ ባቡር ጣቢያ የሚሠሩት ጋሽ ዓባይ አሮጌ የመኪና መጽሔት ያስቀምጡልኝ ነበር። ከጅቡቲ የመጣ ተሳፋሪ ወንበር ላይ ትቶት የወረደውን፣ ዕቃ የተጠቀለለበትን፣ ግማሹ የተቀደደውንም ቢሆን ሰብስበው ይልኩልኛል።

አንዱን መቼም አልረሳውም። ሁለት መኪና አወዳደርን ይላሉ። አንደኛውን በፀሐይ፣ በደረቅ አስፋልት፣ በአዲስ ጎማ ነዱት። ሁለተኛውን በዝናብ ነዱትና «ያዳልጠዋል» ብለው ጻፉ። ኧረ በአላህ! በዝናብማ ፍየልም ያዳልጣታል! ያን ቀን በንዴት ምሳዬን አልበላሁም።

ይህን ሁሉ የማወራው ለበለጠ ነበር። በለጠ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ኤን ትሬ ይነዳል። እኔ አሥር ቃል ስናገር እሱ አንድ ቢናገር ነው። ስሙ በለጠ ይሁን እንጂ ማንንም ልብለጥ የሚል ሰው አልነበረም። መኪናውን ልሠራለት ሥሯ ስገባ እሱ ጎማው አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ጫቱን እየቀነጠሰ ያዳምጠኛል። ከሚስቱ ከዘውድነሽ ጋር ከኔ ቤት ሁለት አጥር አልፎ ነው የሚኖሩት። ልጅ አልወለዱም።

ከሁሉ የሚወደው ስለ ሃያ አራት ሰዓቱ ውድድር ሳወራለት ነው። ፈረንሳይ አገር በየዓመቱ ቀንና ሌሊት፣ ዝናብ ጭጋግ ሳይሉ ሃያ አራት ሰዓት የሚሮጡበት ውድድር አለ። እኔ ያሸነፈውን የሚያወድሰውን ትልልቁን ፊደል አላነብም። የማነበው ከታች በጉንዳን ፊደል የተደረደረውን ነው፤ ማን በስንተኛው ሰዓት ወጣ፣ ምኑ ተሰበረ። ጊርቦክስ፣ አሥራ ሰባተኛ ሰዓት። ቴስታታ፣ ሃያ ሦስተኛ ሰዓት። ሃያ ሦስት ሰዓት ሮጦ አንድ ሰዓት ሲቀረው የቆመ ሰው እንዲህ ይጻፋል? ይህ ያበግነኝ ነበር።

«ሾፌሮቹስ መቼ ነው የሚተኙት?» አለኝ አንድ ቀን በለጠ።

«ሁለት ሦስት ሆነው ይፈራረቃሉ።»

«ታዲያ ፎቶው ላይ ለምን አንድ ሰው ብቻ አለ?»

«ወሬው እንዲያምር ነዋ! አንተ ደግሞ!»

ራሱን ነቀነቀና ጫቱን መቀንጠስ ቀጠለ።

በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት ዝናቡ ቀረ። ቦኬና አካባቢዋ ሰው ተራበ። እህሉ በባቡር ሚኤሶ ይመጣል፤ ከሚኤሶ ዳገቱን ወጥቶ በአሰበ ተፈሪ አልፎ በጭነት መኪና ቦኬ ይገባል። መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ አቧራ፣ ድንጋይ፣ ገደል ነው። በለጠና ረዳት ሾፌሩ መስዑድ ያንን መንገድ ወራት ሙሉ ተመላለሱበት። አንዱ ሲነዳ ሌላው ጋቢና ውስጥ ይተኛል። መስዑድ የአሰቦት ልጅ ነው፤ ቀልደኛ፣ ጥሩ እጅ ያለው ሾፌር። ሁለቱ ሲፈራረቁ ሰውነታቸውም መኪናዋም ደህና ነበሩ።

የዚያን ዓመት ሰኔ ላይ ከአዲስ አበባ ጋዜጠኛ መጣ። ልጅ እግር ነው፤ ጨዋ፣ ድምፁ ለስላሳ። የእርዳታውን እህል የሚያከፋፍለው የከተማው ኮሚቴ በግ አርዶ ተቀበለው። ከበግ በኋላ ምን እውነት ይመጣል ብዬ ሳቅሁበት። በማግሥቱ ጋራዤ መጣና ማስታወሻውን አውጥቶ፣ «ጓድ፣ ሙሉ ስምዎን ይንገሩኝ» አለኝ። እንግዲህ እወቁልኝ፤ ዕድሜ ልኬን ስለ መኪና ስለፈልፍ «ሐሳብህ ምንድን ነው?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ይኼ ልጅ ጠየቀኝ፤ የምናገረውን ሁሉ እየጻፈ ጠየቀኝ። እኔም አፌን ፈታሁት። ሁለት ሰዓት ሙሉ አወራሁ። ስለ ፈረንሳዩ ውድድር ነገርኩት፣ ሦስት ሰው እንደሚፈራረቅበት ነገርኩት። ከዚያ ሞቅ አለኝና ደጅ ራቅ ብሎ ያለውን በለጠን በእጄ እያሳየሁ፣

«ይኼ ሰው እኮ ነጮቹ ለሦስት የሚነዱትን ብቻውን ይነዳል! ሃያ አራት ሰዓት! ያውም ሙሉ ጭነት ይዞ፣ ያውም በዚህ ዳገት!» አልኩት።

አልነዳም። መስዑድን ወባ ጥሎት በነበረ ጊዜ በለጠ አንድ ቀን ብቻውን ከቀትር እስከ ማታ ነድቶ ቦኬ ደርሶ ተኝቷል። በቃ፣ ይኸው ነው። የቀረውን እኔ ጨመርኩበት። በክፋት አይደለም፤ ወዳጄን ላሞግስ ብዬ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። በለጠ በዚያን ጊዜ ውኃ ሊቀዳ ዞር ብሎ ስለነበር አልሰማኝም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ጋዜጣው መጣ። «ሃያ አራት ሰዓት ብቻውን» ይላል፣ በትልልቁ ፊደል። በካፒታሊስት አገር ለሦስት የሚሠራውን የእኛ ጀግና ለብቻው ተወጣው ይላል። ከሥሩ «የመኪና ሐኪሙ ጓድ ታጁዲን እንደገለጹት» የሚል አለበት። ያቺን መስመር ስንት ጊዜ እንዳነበብኳት አላህ ይወቀው። ቆርጬ ጋራዤ ግድግዳ ላይ ለጠፍኳት። የመስዑድ ስም የትም የለም። በጉንዳን ፊደል እንኳ የለም።

በለጠ ጋዜጣውን ቆሞ አነበበው። «ታጁ፣ እኔ መቼ ነው ብቻዬን የነዳሁት?» አለኝ።

«አቦ ተው፣ ጋዜጣ ነው! ማን ይቆጥረዋል?»

መስዑድ ደግሞ፣ «እኔስ ታዲያ ጋቢና ውስጥ ያለሁት ትርፍ ጎማ ነኝ?» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ግን ከአንገት በላይ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲያ ጋራዤ ሲመጣ ቶሎ ይሄዳል።

የሚቆጥረው ሰው ኖሯል። ነሐሴ ላይ ኮሚቴው ስብሰባ ጠራኝ። መስከረም ሁለት የአብዮት በዓል ነው። የእንቁጣጣሽ ዕለት በስድስት ሰዓት በለጠ ከከተማው ሜዳ ይነሳል፤ ሃያ አራት ሰዓት ብቻውን እየነዳ እህል ያመላልሳል፤ በማግሥቱ በስድስት ሰዓት ሕዝቡ በማርሽ ባንድ ይቀበለዋል፤ ፎቶ አንሺም ይመጣል። መስዑድን ወደ ሌላ መኪና አዛውረውታል። ሊቀመንበሩ ጋዜጣውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ወደ እኔ ዞረ።

«ጓድ ታጁዲን፣ እዚህ ላይ እርስዎ ነዎት የተናገሩት። ይቻላል አይደል?»

እዚያች ላይ ነበር ማለት የነበረብኝ። ዋሽቻለሁ ማለት ነበረብኝ። አንድ ቃል ነው። ነገር ግን ዘመኑን የኖረ ያውቀዋል፤ በመንግሥት ጋዜጣ ላይ ውሸት ያስጻፈ ሰው የት እንደሚያድር አይታወቅም። የአራት ልጆች አባት ነኝ።  ደግሞ ልንገራችሁ፣ ፍርሃት ብቻ አልነበረም፤ ስሜን ያየሁበት ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ነበር።

«መኪናው ይችላል» አልኩ።

አያችሁ? ስለ ሰውየው ጠየቁኝ፣ ስለ መኪናው መለስኩ። ዋስትና እንዲሆነኝ ነው። ስጠላቸው የኖርኳቸው ጸሐፊዎች እንዲህ ነው የሚያደርጉት፤ አይዋሹም፣ ያልተጠየቁትን ይመልሳሉ። ኮሚቴው አጨበጨበ።

ማታውኑ በለጠን አጥር ላይ ጠርቼ፣ «አሞኛል በላቸው። ወገቤን በል፣ ዓይኔን በል፣ የፈለግከውን በል» አልኩት። ፈገግ አለና፣ «ግድ የለም ታጁ፣ ይሞከራል» አለኝ። ቀለል አድርጎ ስለተናገረ እኔም ቀለለኝ። ሲቀለኝ ዝም አልኩ። እንዲህ ያለ ሰው ነኝ።

የእንቁጣጣሽ ዕለት በስድስት ሰዓት ተነሳ። መኪናዋ ላይ ቀይ ጨርቅ አስረውባታል። እኔ የኮሚቴው ቢሮ ስልክ አጠገብ እንድቀመጥ ተመደብኩ፤ ጋሽ ዓባይ ከሚኤሶ ይደውላሉ፣ ደረሰ፣ ጫነ፣ ወጣ ይሉኛል፣ እጽፋለሁ።

በማግሥቱ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከቦኬ ባዶውን ተመልሶ በከተማው ሲያልፍ ከቢሮው ሮጬ ወጣሁና አስቆምኩት። የመኪናዋ ደረጃ ላይ ወጥቼ በመስኮት አየሁት። ዓይኑ በርበሬ መስሏል። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። አንዱን ጥያቄ ሁለት ጊዜ ካልጠየቅኩት አይመልስም።

«ውረድ በለጠ። ማሎ፣ ስለ አላህ ውረድ! አንድ ሰዓት ብቻ ተኛ።»

«ሚኤሶ ወርጄ ጭኜ ልመለስ፣ አለቀ እኮ» አለኝ። ውኃ ፊቱ ላይ ረጨሁለት። እንደ ሕፃን ዓይኑን ጨፍኖ አስረጨኝ። ከዚያ ማርሽ አስገብቶ ሄደ።

ወደ ስልኩ ሮጥኩ። «ጋሽ ዓባይ፣ ሲደርስ ቁልፉን ይንጠቁት! ይደብቁበት! እባክዎ፣ በለጠን ያሳርፉልኝ። በኮሚቴው በኩል የመጣው ይምጣ» አልኳቸው። እሺ አሉኝ። ከበደሌ ሁሉ ጋር ያን በማድረጌ ትንሽ ደስ ብሎኝ ተቀመጥኩ።

ሦስት ሰዓት ሲሆን ስልኩ ጮኸ። መስመሩ እንደ ልማዱ ይንጫጫል።

«ታጁ፣ ዓባይ ነኝ።»

«አቤት ጋሽ ዓባይ! ደረሰ?»

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ከዚያ፣ «በለጠ አረፈ» አሉኝ። «ለቤተሰቡ ንገር። ቀስ ብለህ ንገር፣ ልጄ።» መስመሩ ተቋረጠ።

አልሐምዱሊላህ ብዬ ከወንበሬ ተነሳሁ። ቁልፉን ነጠቁት ማለት ነው! ቀስ ብለህ ያሉኝ ኮሚቴው እንዳይሰማ መሰለኝ። ፍረዱብኝ፣ ግን አስቡት፤ በእኛ ቤት ሰው ሲሞት ሞተ ነው፣ ወይም ወደ አኼራ ሄደ ነው። እኔ አማርኛን ከሾፌርና ከመካኒክ የተማርኩ የኦሮሞ ልጅ ነኝ። በእኛ ሥራ ያረፈ ሾፌር ማለት መኪናው ጥላ ሥር ጋቢውን ተከናንቦ የተኛ ሾፌር ነው። ደግሞስ ያሳርፉልኝ ብዬ የለመንኩት ራሴ አይደለሁም?

እየሮጥኩ ዘውድነሽ ዘንድ ሄድኩ። ወደ ሜዳው ወጥታ ልትቀበለው ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ መስተዋት ፊት ቆማ ሻሿን ታስራለች።

«ዘውድዬ! የምሥራች!» አልኳት ከበሩ።

«ምሥር ብላ!» አለችኝ ፊቷ በርቶ።

«በለጠ አረፈ!»

እጇ ሻሹ ላይ እንዳለ ቀረ። «ማን አለ?»

«ጋሽ ዓባይ ናቸዋ፣ አሁን ደውለው! ቀስ ብለህ ንገራት ብለውኛል» አልኩና ሳቅሁ። ሳቅሁ!

«ጋሽ ዓባይ በለጠ አረፈ አሉ? አረፈ አሉ?»

«አዎ አልኩሽ እኮ! ተይው ይተኛ፣ ደክሞታል።»

እንዲያ ያለ ጩኸት ከሰው አፍ ሰምቼ አላውቅም። ደረቷን እየደቃች መሬት ላይ ወደቀች። እኔ አሁንም አልገባኝም። ላነሳት እየታገልኩ፣ «ምን ሆነሻል አንቺ፣ ተኝቶ ነው እኮ!» እላታለሁ። ጎረቤት ግር ብሎ ገባ። መሐል ቆሜ ለያንዳንዱ ሰው «ተኝቶ ነው፣ ተኝቶ ነው» እላለሁ። አንድ ሽማግሌ ክንዴን ያዙኝ። «ታጁዲን፣ ልጄ፣ አረፈ ማለት እኮ ...» ብለው ጀመሩና መጨረስ አቃታቸው። ያኔ ገባኝ። ከሜዳው በኩል የማርሽ ባንዱ ሲለማመድ ይሰማ ነበር።

ከሚኤሶ በላይ ካለው ቁልቁለት መታጠፊያው ላይ ሳይታጠፍ ቀጥ ብሎ ገደል ነው የገባው። በማግሥቱ ወርጄ መኪናዋን አየኋት። ፍሬኗን ፈተሽኩ፣ መሪዋን ፈተሽኩ፣ ሥሯ ገብቼ አንድ ጥፋት ባገኝባት ብዬ እያለቀስኩ ፈለግሁ። ደህና ነበረች። መንገዱ ላይ የፍሬን ምልክት የለም። ተኝቶ ነው የሄደው።

ቤተ ክርስቲያን ቀበርነው። መስዑድ ሳንዱቁን ከተሸከሙት አንዱ ነበር፤ እኔን ቀና ብሎም አላየኝ።

ቀጥሎ ጋዜጣ መጣ። መኪናዋ በቀይ ጨርቅ አጊጣ ስትነሳ የተነሳ ፎቶ አለበት። ከሥሩ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ጉዞውን በድል አጠናቀቀ።» ከበዓሉ በፊት ተጽፎ የተቀመጠ መሆን አለበት። ዕድሜ ልኬን የጋዜጠኛ ውሸት ሳገኝ እሳደብ ነበር፤ ያን ቀን ስድብ አልመጣልኝም። የእኔው ቃል ነበር፣ እነሱ ያራቡት። ቤቴ ሄጄ ከልጆቼ ተደብቄ አለቀስኩ።

ሌላ ሰው ሳያነብላት እኔ ልንገራት ብዬ ለአርባው ዕለት ጋዜጣውን ኪሴ ውስጥ ይዤ ሄድኩ። ጥቁር ለብሳለች፤ ፀጉሯን ተላጭታለች። ለተዝካሩ ለእኛ ለእስላሞቹ ለብቻ በእስላም እጅ አሳርዳ ለብቻ አሠርታለች። በዚያ ሐዘን ውስጥ ሆና ይህን አልረሳችም። ሰው ከተበተነ በኋላ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ዘውድነሽ፣ ብቻውን ይነዳል ብዬ ለጋዜጠኛው የነገርኩት እኔ ነኝ። ፈጥሬ ነው። ኮሚቴው ሲጠይቀኝም ዋሽቻለሁ ማለት ፈራሁ። እርገሚኝ፣ ወይ ደብድቢኝ፣ የፈለግሽውን አድርጊኝ» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች።

«ከየት አወቅሽ?»

«እሱ ነው የነገረኝ።» የነጠላዋን ጫፍ ይዛ እያጠፈች እየፈታች ቆየች። «የእንቁጣጣሽ ዕለት ጠዋት እግሩ ላይ ወደቅሁ። ‹አትሂድ፣ ውሸት ነው በላቸው፣ ሰው እንዴት ሳይተኛ ይውላል ያድራል?› አልኩት። ‹ውሸት ነው ካልኩ የሚያስሩት ታጁን ነው› አለኝ። ‹ታጁ አራት ልጅ አለው፣ እኔ ምን አለኝ?› አለኝ።»

ቀና ብላ አየችኝ።

«‹እኔ ምን አለኝ?› አለኝ፣ ታጁ። እኔ እግሩ ሥር ሆኜ።»